ከወረዳ ምክር ቤት እስከ አራት ኪሎ፦ ለመወዳደር ላሰባችሁ

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ ለምርጫ ልወዳደር አስቤ ነበር፤ ምን ይመክሩኛል?" አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን፤ ግን አልጨረስነውም። ከእሷ በፊትም ሁለት ሦስት ወጣቶች ይህንኑ ጠይቀውኛል። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፈው አልኩ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መምህርት ነበርኩ፤ ጉራጌ ዞን ውስጥ፣ ከወልቂጤ ብዙም በማይርቅ ወረዳ። በሚያዝያ 2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ለወረዳ ምክር ቤት ተመረጥኩ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ደግሞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። አምስት ዓመት አራት ኪሎ ሠራሁ፤ በ2007 ድጋሚ አልተወዳደርኩም። ዕጩ ያደረገኝ የያኔው ገዢ ፓርቲ ኢሕአዴግ ነው። ይህን ከአሁኑ የምነግራችሁ የዚያ ጊዜው ምክር ቤት ምን እንደሚመስል እንድታውቁ ነው። ከ547ቱ መቀመጫ 545ቱ የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ነበር። አንድ ሰው ከተቃዋሚ፣ አንድ ሰው በግል፣ በቃ። የምለውን ሁሉ ይህን እያሰባችሁ አንብቡት።

ከወረዳው ልጀምር፤ ብዙ የተማርኩት እዚያ ስለሆነ።

የወረዳ ምክር ቤት አባል ደመወዝተኛ አይደለም። የዘወትር ሥራህ ሌላ ነው። እኔ ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት የሰው ጉዳይ ይዤ እዞራለሁ። ጉባኤ የሚጠራው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሰው ግን ጉባኤ እስኪጠራ አይጠብቅህም። ገበያ ላይ ይይዝሃል፣ ለቅሶ ላይ ይይዝሃል፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የቀበሌያቸው የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ወራት አልፈዋል፤ ሴቶቹ ወደ ወንዝ ተመልሰዋል። ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ "መለዋወጫ መግዣ በጀት የለም" አሉኝ። ስንት ብር እንደሚፈልግ በወረቀት ጻፉልኝ አልኳቸው፤ ጻፉልኝ። ወረቀቱን ይዤ ገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት ገባሁ፤ እነሱም የካፒታል በጀቱ አልቋል አሉ። ወደ ቀበሌው ስመለስ የውሃ ኮሚቴው ያጠራቀመው ትንሽ ገንዘብ እንዳለ ሰማሁ። ከሥራ ማስኬጃ የጎደለውን እንዲሞሉ አስተዳዳሪውን ጠየቅኩ፣ ደግሜ ጠየቅኩ፣ ሦስተኛ ጊዜም ጠየቅኩ። በሦስት ሳምንት ፓምፑ ተሠራ።

ይህን ያስቻለኝ ሦስቱም ቢሮ አንድ ግቢ ውስጥ መሆናቸው ነው። ከአንዱ ወጥቼ ሌላው ዘንድ የምገባው በእግሬ ነው። ኃላፊው "የለም" ሲለኝ ባለጉዳዩዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ወረዳ ላይ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው፤ አራት ኪሎ ሆኜ ከምንም በላይ የናፈቀኝ ይህ ነው።

ሌላው የወረዳ ትምህርት በጀት ነው። ከክልል ጥቅል በጀት ይመጣል። የመምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ ሲቀነስ የሚቀረው ትንሽ ነው። ያቺ የቀረችው ናት እንግዲህ ፓምፕም መንገድም ዴስክም የምትሆነው። መጀመሪያ ጉባኤ ላይ ሰንጠረዡን ሲያቀርቡልን ማንም እንዳልገባው አስታውሳለሁ፤ እኔም አልገባኝም። አፍሬ ዝም አልኩ። በኋላ አንዱን የሒሳብ ባለሙያ ለምኜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አስረዳኝ። ለመወዳደር ያሰብክ ሰው ከሆንክ፣ ሌላ ምንም ባታደርግ ይህን አድርግ። የወረዳህን በጀት ማንበብ ቻል። ማንም አይከለክልህም፣ ብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ያኔ ደብተር መያዝ ጀመርኩ። ተራ የተማሪ ደብተር። ቀን፣ ቀበሌ፣ የጠየቀው ሰው፣ ጉዳዩ፣ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ምን ላይ እንደደረሰ። ስድስት መደብ አሰመርኩ። "የማን ሥራ እንደሆነ" የሚለው መደብ ከሁሉ የሚበልጥ እንደሆነ ያወቅኩት ግን ዘግይቼ፣ ዋጋ ከፍዬ ነው።

በ2002 ቅስቀሳ ላይ አንድ ራቅ ያለ ቀበሌ ሄድን። ሰው ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። አንድ ሽማግሌ ተነሡና በጉራጊኛ እንዲህ አሉኝ፤ "ልጄ፣ ሰኔ ላይ ወንዙ ይሞላል። ልጆቻችን ለፈተና መሻገር አይችሉም። ድልድዩን ታሠሪልናለሽ?"

"አሠራለሁ" አልኩ።

እልል ተባለ። እኔም ከልቤ ነበር ያልኩት። ፓምፕ ያሠራሁ ሰው ነኝ፣ ከፍ ያለ ቦታ ስደርስማ ድልድይ እንዴት ያቅተኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። ወንበሩ ከፍ ሲል አቅሜም በዚያው ልክ ከፍ የሚል መስሎኝ ነበር። ይህ ስህተት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አብረውኝ ከገቡት አይቻለሁ፤ ከወረዳና ከዞን የመጣን ብዙዎቻችን ይህን ይዘን ነው የገባነው።

ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዘው ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። መስቀል በዋለ በሳምንቱ ማለት ነው። ጉራጌ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር አለው፤ አገር ቤት ገብተህ፣ ክትፎህን በልተህ፣ የሽማግሌ ምርቃት ይዘህ ትመጣለህ። እኔም እናቴ መርቃኝ፣ ትንሹን ልጄን ይዤ ነው የመጣሁት። ባለሰዓቱን አሮጌ ሕንፃ ከውስጥ ሳየው እንባዬ መጣ። ከወረዳ ተነስቼ እዚህ ደረስኩ ብዬ ሳይሆን፣ እነዚያን ሽማግሌ አስቤ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል? መደበኛ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ረቂቅ አዋጅ ይቀርባል፣ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው አስረጂ ይጠራል፣ ባለድርሻ አካላትን ያወያያል፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሰው በቴሌቪዥን የሚያየው እጅ ሲወጣ ነው። እጁ ከመውጣቱ በፊት ያለው ሳምንትና ወር ነው ሥራው። የግል ረዳት አልነበረኝም፤ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ራሴ ነበር የማነበው። ማታ ልጄን አስተኝቼ እስከ እኩለ ሌሊት አነባለሁ። ማንበብ የማይወድ ሰው ይህን ሥራ ባይመኘው እመክራለሁ።

ድልድዩን አልረሳሁም። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፌዴራል መንገድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ካርታ ዘርግተው አሳዩኝ። "ይህ የገጠር መንገድ ነው፣ የክልሉ ነው። እኛ ዋና ዋናውን አገር አቋራጭ ነው የምንሠራው" አሉኝ። ሕገ መንግሥቱን አውጥቼ አንቀጽ 51ን እና 52ን ደግሜ አነበብኩ። ልክ ናቸው። የፌዴራሉና የክልሉ ሥልጣን ተለይቶ ተቀምጧል፤ እኔ ቅስቀሳ ላይ ቆሜ ቃል ስገባ አላሰብኩትም።

በ2003 የገጠር ቀበሌዎችን ከወረዳቸው ጋር ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ የሚያገናኝ ፕሮግራም ተጀመረ። ዩራፕ የምንለው። ደስ አለኝ። የያኔው ክልላችን መቀመጫ ሐዋሳ ደወልኩ፣ ዞን ደወልኩ። የትኛው ቀበሌ ይቅደም የሚለው ዝርዝር ከየት እንደሚነሳ ስጠይቅ "ከወረዳ" አሉኝ። እኔ ከለቀቅኩት ወንበር! ለዚያ ድልድይ የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆኜ ብቆይ ኖሮ አራት ኪሎ ተቀምጬ ከምችለው በላይ እችል ነበር።

የገንዘቡም መንገድ እንዲሁ ነው። የፌዴራሉን በጀት የምናጸድቀው እኛ ነን፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ሙሉ ጭንቅ ነው። በጀቱ ውስጥ ለክልሎች የሚሰጥ ድጎማ አለ። ድጎማው ለየክልሉ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያወርዳል። ስለዚህ "ለአካባቢዬ በጀት አስመድባለሁ" ብሎ ቅስቀሳ የሚያደርግ የፌዴራል ዕጩ ስትሰሙ፣ በየትኛው በር ገብቶ እንደሆነ ጠይቁት።

በዕረፍት ወር ወደ መራጩ እንሄዳለን። ያንን ቀበሌ መጀመሪያ ዓመት ላይ ሸሸሁት። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። በሁለተኛው ዓመት ግን ሄድኩ። ሽማግሌው አሉ። ድልድዩ የፌዴራል ሥራ እንዳልሆነ፣ ሳላውቅ ቃል እንደገባሁ፣ ዝርዝሩ የሚወጣው ወረዳ ላይ እንደሆነ ሳላስጌጥ ነገርኳቸው። እንዲቆጡ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና፣

"ቶሎ ብትነግሪን ኖሮ ወረዳውን እንጠይቅ ነበር። የጎደለውንም ለመስቀል ከሚመጡት ልጆቻችን እናዋጣ ነበር። አንቺን ስንጠብቅ ሁለት ክረምት አለፈ" አሉኝ።

ከአምስቱ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቃል ያደረብኝ የለም። የጉራጌ ሰው በጃንሆይ ዘመን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ ከነጋዴው ከሠራተኛው እያዋጣ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። ይህን እያወቅኩ "እኔ አሠራለሁ" ብዬ እጁን አሳጠፍኩት። ቃል መግባት የሚጎዳው ስለማይፈጸም ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሰው የራሱን መፍትሔ ትቶ አንተን እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ ለማንም መልስ ስሰጥ ሦስት ነገር ለይቼ እናገራለሁ። ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ይህ የእኔ አይደለም ግን ለሚመለከተው አደርሳለሁ፤ ይህ ደግሞ የእናንተና የወረዳችሁ ነው፣ እዚህ ቢሮ ሂዱ። ሰው የሚቀየም መስሎኝ ነበር፤ አልተቀየመም።

ታዲያ የፌዴራል ተወካይ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ይጠቅማል። ወረዳ ላይ ያየኸውን ይዘህ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ስትጠይቅ ነው የሚጠቅመው።

እኔ የተመደብኩት ትምህርትን ከሚከታተሉት ኮሚቴዎች በአንዱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲያቀርብ የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ "መቶ በመቶ ተሰራጭቷል" አለ። እኔ ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። "ተሰራጭቷል ማለት የት ድረስ ነው? የዞን መጋዘን ነው ወይስ የተማሪ ቦርሳ?" ብዬ ጠየቅኩ። ቤቱ ፀጥ አለ። መልሱ መጋዘን ድረስ ነበር። የመስክ ምልከታ ስንወጣም መጽሐፉን በካርቶን እንደታሸገ አገኘነው፤ ከመጋዘን ወደ ትምህርት ቤት ማጓጓዣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ያልተነጋገሩበት ነበር። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ "ትምህርት ቤት የደረሰ" የሚል ለብቻው መስመር ገባ። አንዲት መስመር ናት። ግን ከእኔ ወረዳ አልፋ ሌላም ቦታ ያለ ልጅ መጽሐፉን እንዲያገኝ ታደርጋለች። የፌዴራል ወንበር ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። አንድ ፓምፕ አታሠራበትም፤ ስለ ፓምፕ ሁሉ የሚቀርበው ሪፖርት ግን እውነት እንዲሆን ማድረግ ትችላለህ።

ስለዚህ ሪፖርት ስታነብ "ተሰጥቷል"፣ "ተከናውኗል"፣ "ግንዛቤ ተፈጥሯል" የሚሉት ላይ እርሳስ አድርግ። ማን ሰጠ? ለማን? መቼ? የዋና ኦዲተርን ሪፖርት ደግሞ በየዓመቱ አንብብ። ጥያቄ ለማዘጋጀት ከእሱ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ሳልጠይቅ ያለፍኩት ደግሞ አለ። በ2004 የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ወጣ። እጄን አውጥቻለሁ። አዋጁን ያየሁት የአዲስ አበባ ጉዳይ አድርጌ ነው። ወረዳዬ ስሄድ ግን በዚያች ትንሽ ከተማ ሰው ተጨንቋል። ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል የሚለውን ሰምተው፣ "ቤታችንን መሸጥ አንችልም ማለት ነው?" ይሉኛል። አስረድቼ መመለስ አቃተኝ። ድምፅ የሰጠሁበትን አዋጅ ለገዛ ጎረቤቶቼ ማስረዳት አልቻልኩም። ያኔ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ አንድን ረቂቅ ለእናቴ በራሴ አፍ ማስረዳት ካልቻልኩ፣ አልገባኝም ማለት ነውና ኮሚቴ ውስጥ እጠይቃለሁ። ከእኔ ኮሚቴ ውጭ ከሆነ ደግሞ የኮሚቴውን አባል ሻይ ቤት ይዤ እጠይቃለሁ።

የአብላጫው ፓርቲ አባል ስትሆን መጠየቅ ይከብዳል። እንደሚከብድ ማንም አይነግርህም፤ እኔ ግን ከብዶኛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፣ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ተጽፏል። መራጩ አመኔታ ካጣበት ከምክር ቤት ሊያወርደው እንደሚችልም። ይህን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ደብተሬ ውስጥ ለጥፌው ነበር። ሁልጊዜ ኖሬበታለሁ አልልም። ዝም ያልኩባቸው ቀናት አሉ፤ እስከዛሬ ይቆጩኛል። የሠራልኝ ነገር ቢኖር ጥያቄዬን በማስረጃ መጠየቅ ነው። "ይመስለኛል" ስትል በቀላሉ ያልፉሃል። "እዚህ ቀበሌ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን አይቻለሁ" ስትል ግን መልስ ይፈለጋል፣ የራስህ ፓርቲ ሰውም ቢሆን።

ስለ ባለጉዳይ ልንገራችሁ። አራት ኪሎ ከገባህ ጊዜ ጀምሮ ቤትህ የአገር ቤት ሰው ማረፊያ ነው። ጥቁር አንበሳ የተላከ ሕመምተኛ ይዞ የመጣ፣ ለልጁ ሥራ የሚፈልግ፣ ዩኒቨርሲቲ ምደባ እንዲቀየርለት የሚለምን። ሕመምተኛ ሲመጣ አሳድሬያለሁ፣ አብሬ ተሰልፌያለሁ፤ ይህን በደስታ ነው ያደረግኩት። የሥራና የምደባ ግን "ደውይልኝ" ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ዘመድ ተቀየመኝ፤ አንድ የቅርብ ዘመዴ ለዓመታት አላናገረኝም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ከደወልክ፣ ያ የደወልክለት ኃላፊ ነገ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ እንዴት አድርገህ ትጠይቀዋለህ? ይህን ከመመረጥህ በፊት ለቤተሰብህ ቁጭ አድርገህ ንገር። ከተመረጥክ በኋላ ከተናገርከው ትዕቢት ይመስላል።

ሴት ከሆንሽ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። በዚያ ምክር ቤት 152 ሴቶች ነበርን፤ ከአራት አንድ በላይ። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ግን ስብሰባ ላይ የሴትና የሕፃናት ጉዳይ ሲነሳ ብቻ ወደ አንቺ ይዞራሉ። ስለ በጀት ጠይቂ፣ ስለ መንገድ ጠይቂ፣ ስለ ማዳበሪያ ጠይቂ። ሁለተኛው ቤት ነው። ባለቤቴ ሁለቱን ትልልቆቹን ይዞ አገር ቤት ቀረ። እሱ ባይኖር አልሠራሁትም ነበር። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር በስልክ እየተገናኙ ነው ያደጉት፤ ይህን ሂሳብ ከመግባትሽ በፊት ከቤተሰብሽ ጋር አስቢው።

በ2007 ሥራዬን ስጨርስ ደብተሮቹ አራት ሆነው ነበር። እያንዳንዱን ጉዳይ ያለቀ፣ ያላለቀ፣ የማይሆን ብዬ ለየሁት። ከእኔ ቀጥሎ የተመረጡትን ሰው አገኘኋቸውና ግልባጩን ሰጠኋቸው፤ ሁለት ቀን አብረን ቁጭ ብለን አየነው። የድልድዩ ገጽ ላይ "ወረዳ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል፣ የቀበሌው ኮሚቴ መዋጮ ጀምሯል" ተብሎ ተጽፏል። ያስገባሁት እኔ አይደለሁም፤ ሽማግሌውና የቀበሌው ሰው ናቸው። እኔ ያደረግኩት ቢኖር የትኛው ቢሮ እንደሚሄዱ መናገርና ለመስቀል የሚመጡትን ልጆቻቸውን አዲስ አበባ ላይ መሰብሰብ ነው። ድልድዩ ቆይቶ ተሠራ። ሽማግሌው አልደረሱበትም።

ተማሪዬን "የምትወዳደሪበት አካባቢ ስንት የእጅ ፓምፕ አለ? ስንቱ ይሠራል?" ብዬ ጠየቅኳት። አላወቀችም። በሚቀጥለው ሳምንት ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ዝርዝሩን ልትጠይቅ፣ ከዚያ ሦስት ቀበሌ በእግሯ ሄዳ ልታይ ተስማምተናል። ያገኘችውን ይዛ ትደውልልኛለች፤ ከዚያ እንቀጥላለን።